ደስታ የተባለው መቅሠፍት

የሰው ልጅ በረጅም ታሪኩ ከምድረ ገጽ ጨርሶ ለማጥፋት የበቃው ሁለት በሽታዎችን ብቻ ነው። አንደኛው ፈንጣጣ ነው፤ መጥፋቱ ለዓለም የተበሠረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር። ሁለተኛው ግን ከእንስሳት ሐኪሞችና ከከብት አርቢዎች በቀር ዛሬ ብዙ ሰው ስሙን የማያነሣው የከብት በሽታ ነው። ፈረንጆች «ሪንደርፔስት» ይሉታል፤ ቃሉ ጀርመንኛ ሲሆን ትርጓሜውም «የከብት መቅሠፍት» ነው። በአማርኛ ደግሞ «ደስታ» ይባላል። በረት ባዶ ላስቀረ፣ ቤት ለዘጋ፣ አገር ለፈታ ደዌ እንዲህ ያለ ስም መሰጠቱ ሰሚን ያስገርማል።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሁለቱም በሽታዎች የመጨረሻ እስትንፋሳቸውን የተነፈሱት በዚሁ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ምድር መሆኑ ነው። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻ ሰው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1977 በሶማሊያ የባሕር ጠረፍ፣ በመርካ ከተማ ነበር። ደስታም ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2001 በኬንያ፣ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በሚኖሩ ጎሾች ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የሞተ አንድም ጥጃ አልተገኘም።

ይህ ታላቅ ድል ነው፤ ነገር ግን ያለ ሆታና ያለ እልልታ አለፈ። በሽታው በዚህ ምድር ላይ ያደረሰው ጥፋትም ቢሆን በሚገባው መጠን አይታወቅም። ኢትዮጵያውያን «ክፉ ቀን» የሚሉትን ዘመን ያስታውሳሉ፤ ማሳዮችም የራሳቸውን የጥፋት ዘመን በስም ያስታውሳሉ። ሁለቱ መከራዎች ከአንድ ምንጭ የፈለቁ የአንድ በሽታ ሥራዎች መሆናቸውን፣ ይኸው በሽታ የአገሮችን ድንበርና የመሬትን ባለቤትነት፣ ጭራሽ የዱሩንና የሜዳውን መልክ ሳይቀር እንደ ለወጠ ግን ጥቂቶች ብቻ ያውቃሉ።

የደዌው ጠባይ

ደስታ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነበር። የያዘው ከብት በመጀመሪያ ያተኩሰዋል፤ ከዓይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፤ አፉ ውስጥ ይቆስላል፤ ከዚያም ተቅማጥ ይይዘውና ሰውነቱ ውኃ አጥቶ ይወድቃል። ከዚህ በፊት በሽታውን አይቶ በማያውቅ መንጋ ውስጥ ከገባ ከ10 ከብት 9ኙን ሊገድል ይችላል፤ ይህም የሚፈጸመው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ጎሽን፣ ቀጭኔን፣ አጋዘንንና ከርከሮንም ይይዛል። ሰውን ግን አይነካም።

ሰውን አይነካ እንጂ ከሰው ጋር ዝምድና አልነበረው ማለት አይደለም። የቅርብ ዘመዱ እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ኩፍኝ ነው። የሳይንስ ሊቃውንት የሁለቱን ቫይረሶች የዘር መዋቅር አስተያይተው ኩፍኝ ከከብቱ በሽታ ወይም ከሁለቱ የጋራ አባት ተገንጥሎ ወደ ሰው የተሻገረ መሆኑን ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት፣ በ1912 በበርሊን ከሞተ ኩፍኝ የያዘው ሰው ሳንባ ተወስዶ በሙዚየም የተቀመጠውን ናሙና መርምሮ፣ ሁለቱ የተለያዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ሳይሆን እንደማይቀር ገምቷል። ሰዎች በብዛት ተጠጋግተው የሚኖሩባቸው ትልልቅ ከተሞች የተነሡበት ጊዜም ከዚያው ዘመን ጋር ይገጥማል። ስለዚህ የልጆችን ፊት የሚያቀላው ኩፍኝ፣ ሰው ከላምና ከበሬ ጋር አብሮ የመኖሩ ጥንታዊ ዕዳ ነው ለማለት ይቻላል።

አውሮፓና እስያ ይህን በሽታ ለብዙ መቶ ዓመታት ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ18ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓን ከብት ደጋግሞ ከመፍጀቱ የተነሣ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ፣ በ1762 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተቋቋመበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ሙያው የተደራጀው ከዚህ በሽታ ጋር በተደረገ ትግል ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ግብፅም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሽታውን ቀምሳለች። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያለው የአፍሪካ ከብት ግን በረሃው እንደ አጥር ሆኖለት ቆይቶ ነበር። ያ አጥር የተዘለለው በባሕር በኩል ነው።

ከባሕር የወረደው እንግዳ

ኢጣሊያኖች ምፅዋን የያዙት በጥር ወር መጨረሻ 1877 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የካቲት 1885) ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ 500 ያህል ወታደሮች ያሉትን የኢጣሊያ ጦር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱት። የሮማ መንግሥት ይህን ውርደት ለመበቀል በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ ላይ ከፍ ያለ ጦር ወደ ምፅዋ ላከ። ለዚህ ሁሉ ሠራዊት ሥጋ ያስፈልጋል፤ ጓዝ የሚጎትት ከብትም ያስፈልጋል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ፣ በብዙዎች አነጋገር ከሕንድ አገር፣ ከብት በመርከብ ተጭኖ መጣ። ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚስማሙበት ቫይረሱ ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው ከእነዚህ ከብቶች ጋር ነው።

ያ ጦር ከዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጋር ፊት ለፊት ሳይዋጋ ተመለሰ። ይዞት የመጣው በሽታ ግን አልተመለሰም። ከጠረፉ ወደ ሐማሴን ወጣ፤ ትግራይን አቋርጦ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ሸዋን አዳረሰ። ነጋዴው ሲራራውን ነድቶ፣ ዘላኑ ወደ ግጦሽ ተሰዶ፣ ሠራዊቱ ለስንቁ ከብት ዘርፎ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ በሽታውም አብሮ ሄደ። ቫይረሱ ከከብት አካል ውጭ ብዙ ሰዓት የማይቆይ ደካማ ነበር፤ ነገር ግን ከብት ከከብት ጋር እስከ ተነካካ ድረስ ሌላ ረዳት አላስፈለገውም።

በሬው ሲወድቅ

በደጋው አገር በሬ ማለት ሥጋ ብቻ አይደለም። ጥማድ በሬ የሌለው ገበሬ መሬት ቢኖረውም እንደሌለው ይቆጠራል። ቀንበሩና ሞፈሩ ተሰቅለው ሲቀሩ፣ ማረሻው ሲዝግ፣ ያ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው እንጂ የሚያርስበት አላጣም ነበር ማለት አይቻልም፤ ሁለቱም አልነበሩትምና። በሬው በመሞቱ አላረሰም፤ ባለማረሱ ዘሩን በላ፤ ዘሩን በመብላቱ በሬ ቢያገኝ እንኳ የሚዘራው አጣ። ረሀቡ ከአንድ ዓመት አልፎ እስከ አራት ዓመት የቆየበት ምክንያት ይህ ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ጊዜ «ክፉ ቀን» ተባለ። ዝናብ አነሰ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረ፤ ፈንጣጣና ሌላም ተስቦ ተከተለ። ሰው ሥራ ሥርና ጠፍር ሳይቀር በላ። ቤተሰብ ተበተነ፤ ብዙው እህል ይገኝበታል ወደተባለ አገር ሲሰደድ መንገድ ላይ ቀረ። አራዊት የለመዱት አድን ጠፍቶባቸው ሬሳ መብላት ከለመዱ በኋላ በሕይወት ያለውንም ሰው መተናኮል ጀመሩ። ከአገሪቱ ከብት 90 በመቶው እንዳለቀ ይገመታል። የሞተውን ሰው የቆጠረ የለም፤ ነገር ግን በብዙ የታሪክ መጻሕፍት የሚጠቀሰው ግምት ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ይደርሳል።

ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው እህል አደሉ። በሬ የሌለው በዶማ እንዲቆፍር ሕዝቡን አዘዙ፤ ትእዛዙ እንዳይናቅም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። በዚያ ዘመን መሬት በእጅ መቆፈር የሚያዋርድ ሥራ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ መጨበጣቸው እህሉን ከማደላቸው የማይተናነስ ተግባር ነበር።

የመንግሥቱም ሁኔታ በዚያው ጊዜ ተናግቶ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የውጫሌ ውል ተፈረመ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ኢጣሊያኖች አሥመራን ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1890 ደግሞ ኤርትራ የተባለችውን ቅኝ ግዛታቸውን አወጁ። ከሦስት ዓመት በፊት ዶጋሊ ላይ የተመለሰ ጦር አሁን ያን ያህል ርቀት ወደ ደጋው የወጣው ስለ በረታ ብቻ አይደለም። ፊቱ የቆመው አገር ንጉሡን አጥቶ፣ በሬውን አጥቶ፣ ስንቁን አጥቶ ስለነበረ ጭምር ነው። ይህ ሁሉ ከደረሰበት በኋላ ያው ሕዝብ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ መቆሙን ሲያስቡት የድሉ ክብደት ይበልጥ ይታያል።

መቅሠፍቱ ወደ ደቡብ

በሽታው በኢትዮጵያ አላበቃም። ወደ ምዕራብ በሱዳን በኩል ተሻግሮ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ሄደ። ወደ ደቡብ ደግሞ በሶማሌና በቦረና ግጦሽ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ማሳዮች ዘንድ ደረሰ።

ማሳይ ያለ ከብት ምንም ነው። ወተቱም፣ ደሙም፣ ጥሎሹም፣ ክብሩም ከብት ነው። ስለዚህ በጥቂት ወራት ውስጥ ከብቱ ሲያልቅ ሕዝቡ አብሮ አለቀ። ፈንጣጣም ተከተለ። ማሳዮች ያንን ዘመን «ኤሙታይ» ይሉታል፤ «ማለቅ፣ መጥፋት» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በዚያ በኩል ያለፈው ኦስትሪያዊው መንገደኛ ኦስካር ባውማን፣ በንጎሮንጎሮ አካባቢ አጥንታቸው የቀረ ሴቶችንና መራመድ የተሳናቸውን ጎበዛዝት አይቷል፤ ከማሳይ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው እንዳለቀም ገምቷል።

የዱሩም እንስሳ አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ1890 መጨረሻ ወደ ኡጋንዳ ያለፈው እንግሊዛዊው መኮንን ፍሬድሪክ ሉጋርድ ያየው ሜዳውን የሞላ የጎሽ ሬሳ ነበር። ይህ ጥፋት የተጠበቀም ያልተጠበቀም ብዙ ነገር አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ1898 በኬንያ በጻቮ ወንዝ ድልድይ ሲሠሩ የነበሩ የምድር ባቡር ሠራተኞችን የበሉት ሁለት አንበሶች በዓለም የታወቁ ናቸው። አንበሶቹ ሰውን ያደኑት ለምን እንደሆነ የመረመሩ ሊቃውንት የአንደኛው ጥርስ መጎዳቱን ከጠቀሱ በኋላ፣ ጎሹና ሌላው አደን በደስታ በሽታ ማለቁንም እንደ አንድ ምክንያት ይቆጥሩታል።

በሽታው በዛምቤዚ ወንዝ አጠገብ ጥቂት ዓመታት ከቆመ በኋላ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1896 ቡላዋዮ ገባ። የእንግሊዝ ሹማምንት መተላለፉን ለማቆም ጤነኛውንም ከብት በጥይት ማስገደል ጀመሩ። መሬታቸውንና አብዛኛውን ከብታቸውን አስቀድመው ያጡት ንዴቤሌዎች በዚያው ወር መጨረሻ ለዐመፅ ተነሡ፤ የከብቱ መገደል ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በ1897 በሽታው የአህጉሩን ደቡባዊ ጫፍ ነካ። የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ያገኘው ጀርመናዊው ሊቅ ሮበርት ኮኽ ሳይቀር ወደ ኪምበርሊ ተጠርቶ መድኃኒት ሲፈልግ ከረመ። ከምፅዋ የተነሣው ደዌ ከቀይ ባሕር እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ያለውን ርቀት የጨረሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ነበር። ለመጓጓዣው ሰው ራሱ የነዳው ከብት በቃው።

«ባዶ» የተባለው መሬት

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለ። አውሮፓውያን የምሥራቅ አፍሪካን መሬት በብዛት መያዝ የጀመሩት በሽታው ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ሲመጡም ያዩት ሰው የሌለበት፣ መንጋ የማይታይበት ሰፊ ሜዳ ነበር። «ይህ ባዶ መሬት ነው፤ ባለቤት የለውም» አሉ።

በኤርትራ ደጋ የሆነው ይህ ነው። ረሀቡ ያሰደደው ገበሬ ርስቱን ጥሎ ሲሄድ፣ የኢጣሊያ መንግሥት መሬቱን የራሱ አድርጎ ለኢጣሊያን ሰፋሪዎች ለማደል ዕቅድ አወጣ። ገበሬው ዝናብ ሲጥልና ጥቂት በሬ ሲያገኝ ወደ ቀዬው ተመለሰ፤ ርስቱ ግን ተወስዶ ቆየው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1894 በአካለ ጉዛይ ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ የመሩት ዐመፅ ዋና ምክንያቱ ይኸው የመሬት ነጠቃ ነበር። ባህታ ሐጎስ ተገደሉ፤ ነገር ግን የሰፈራው ዕቅድ ከዚያ በኋላ እግር ተክሎ አልቆመም። ዐመፁም ከዓድዋ ጦርነት መቅድሞች አንዱ ሆነ።

በኬንያ የማሳዮች ዕጣ የከፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1911 ከእንግሊዞች ጋር በተፈረሙ ስምምነቶች መሠረት በስምጥ ሸለቆ ያለውን እጅግ ለም ግጦሻቸውን ለነጭ ሰፋሪዎች እንዲለቁ ተደረገ። በሽታው ከመግባቱ በፊት በነበረው ኃይላቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል በቀላሉ እንደማይሆን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

መሬቱ ራሱም መልኩን ለወጠ። ከብትና የዱር እንስሳ ሣሩንና ቡቃያውን መብላት ሲያቆሙ ቁጥቋጦ በቀለ። ቁጥቋጦው ደግሞ ለቆላ ዝንብ፣ ማለትም ገንዲን ለከብት፣ የእንቅልፍ በሽታን ለሰው ለምታስተላልፈዋ ዝንብ፣ መጠለያ ሆነ። ዝንቧ በመጀመሪያ ደሙን የምትመጠው እንስሳ ስላለቀ ከብዙ ቦታ ጠፍታ ነበር፤ የዱር እንስሳቱ ቀስ በቀስ ሲራቡ ግን ቀድሞ ግጦሽና እርሻ ወደነበረው ዱር ገባች። ከብት አርቢው ወደ አባቶቹ መሬት መመለስ ያቃተው በብዙ ስፍራ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም በኋላ የመጡ ሰዎች ያንን ዱር አይተው «ከጥንት ጀምሮ የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ» አሉት። ከእነዚህ መሬቶች አንዳንዶቹ ቆይተው የዱር እንስሳት መጠበቂያ ተብለው ተከለሉ። ሰው እንዳልኖረበት የተነገረለት ሜዳ የብዙ ሰውና የብዙ ከብት መቃብር መሆኑ ተረሳ።

ከሙጉጋ እስከ አፋር

በሽታው የሚጠፋበት መንገድ የተገኘው ብዙ ጥፋት ባደረሰበት በዚሁ ምድር ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ቫይረሱን ከጥጃ ኩላሊት በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ደጋግሞ በማራባት እያደከመው ሄደ። ከ90 ያህል ጊዜ በኋላ ቫይረሱ መግደል አቆመ፤ ከብቱ በሽታውን እንዲቋቋም የማድረግ ኃይሉን ግን አላጣም። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ይህ ክትባት ርካሽ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ከብትም ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ 22 አገሮችን ያካተተ ታላቅ የክትባት ዘመቻ ተካሄደ። በሽታው ከብዙ ቦታ ጠፍቶ በጥቂት ማዕዘኖች ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ «አበቃ» ተባለ፤ ገንዘቡም ቆመ፤ ጥበቃውም ላላ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደስታ ከተደበቀበት ወጥቶ የአህጉሩን ከብት እንደገና ፈጀ። ዘጠና ዘጠኙን ጠርጎ አንዱን መተው መቶውንም እንደ መተው ሆነ።

የቀረው ችግር ሁለት ነበር። አንደኛው ሙቀት ነው። የፕላውራይት ክትባት በረዶ ቤት ይፈልጋል፤ በሽታው የተደበቀው ደግሞ መኪናም ኤሌክትሪክም በማይደርስበት በአፋር፣ በደቡብ ሱዳንና በሶማሌ በረሃ ነው። ይህን ችግር አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቹ ክትባቱ የሚደርቅበትን ዘዴ በማሻሻል ፈቱት፤ አዲሱ ክትባት ከማቀዝቀዣ ውጭ አንድ ወር ያህል ሳይበላሽ ይቆይ ጀመር።

ሁለተኛው ችግር ሰው ነበር። የመንግሥት ሐኪም ወደ እነዚያ በረሃዎች ለመግባት መንገድና ጸጥታ ይፈልጋል፤ ከገባም በኋላ መንጋው የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ሥራው ለባለ ከብቶቹ ተሰጠ። በ1994 (እ.ኤ.አ.) በአፋር ከማኅበረሰቡ የተመረጡ 20 ያህል ሰዎች ሠልጥነው ክትባቱን ተሸክመው በእግራቸው ሄዱ፤ ከ70 ሺህ በላይ ከብትም ከተቡ። ከተከተበው ከብት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በሽታውን የመቋቋም ኃይል ማግኘቱ በደም ምርመራ ተረጋገጠ። ይህ ውጤት በቢሮ ከሚታዘዙ ባለሙያዎች ውጤት ጋር የሚስተካከል፣ አልፎም የሚበልጥ ነበር። ከኅዳር 1995 ወዲህ በአፋር ደስታ አልታየም።

የአርብቶ አደሩ ድርሻ መርፌ በመውጋት ብቻ አልተወሰነም። የበሽታውን ምልክት፣ የገባበትን ወቅትና ጎረቤት መንጋ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው እርሱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በኬንያና በሶማሊያ ድንበር የቀረው የቫይረሱ ዘር ለከብት እጅግ የቀለለ ስለነበረ በሐኪም ዓይን በቀላሉ አይታወቅም ነበር። ሊቃውንቱ ከእረኞች ጋር ተቀምጠው ሲያዳምጡ ነው ዱካውን ያገኙት። የሊቁ መጽሐፍ የማያውቀውን የእረኛው ትዝታ ያውቀው ነበር።

ሜዳው ሲመለስ

ክትባቱ ማንም ያልጠበቀው ሌላ ፍሬ አፈራ። በታንዛንያ በሴሬንጌቲ ሜዳ ዊልደቢስት የተባሉት ቀንዳም የሜዳ እንስሳት ግልገሎች በየዓመቱ በደስታ ያልቁ ነበር። ለረጅም ጊዜ በሽታውን በጉያው ይዞ ወደ ከብት የሚመልሰው የዱር እንስሳው ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ መፍትሔው እንስሳቱን ማራቅ ወይም መግደል መስሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን በፓርኩ ዙሪያ ያለው የአርብቶ አደሮች ከብት ሲከተብ በ1963 (እ.ኤ.አ.) በሽታው ከዱሩ እንስሳ በራሱ ጠፋ። ለካ አስተላላፊው ከብቱ፣ ተቀባዩ የዱር እንስሳው ኖሯል።

በ1961 ወደ 260 ሺህ ይገመት የነበረው የዊልደቢስት ቁጥር በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ሁሉ አፍ ሣሩን ስለ በላው የደረቀ ሣር የሚያቀጣጥለው የሰደድ እሳት ቀነሰ። እሳቱ ሲቀንስ ችግኝ ዕድሜ አገኘ፤ ዛፍ በዛ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው ሴሬንጌቲ የተቃጠለ አየር ወደ ሰማይ ከሚለቅ ምድርነት አየሩን ወደ ራሱ ወደሚስብ ምድርነት ተለወጠ። ዛሬ የዓለም ጎብኚ ከጥንት የነበረ መስሎት የሚያደንቀው ያ የእልፍ አእላፍ መንጋ ጉዞ፣ በዚህ መጠኑ የታየው የእረኞች ላሞች መርፌ ከተወጉ በኋላ ነው።

የመጨረሻው በረት

የደስታ መጥፋት በይፋ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በግንቦት ወር የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት፣ በሰኔ ወር ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አወጁ። ዋልተር ፕላውራይት ይህን ሳይሰማ በ2010 ዐርፏል።

ቫይረሱ ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ለጥናትና ለክትባት ተብሎ በጥቂት ቤተ ሙከራዎች በበረዶ ውስጥ ተቆልፎ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ያለው የፐርብራይት ተቋም የነበሩትን ከ3 ሺህ በላይ ናሙናዎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 አስወግዷል። ከተፈቀደላቸው ጥቂት ማከማቻዎች መካከል አንዱ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። በምፅዋ በኩል ገብቶ አገሩን ባድማ ያደረገው በሽታ በኢትዮጵያ ደጋ ተቆልፎበት ይኖራል፤ ዘበኞቹም ያን ጊዜ የተራቡት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው።

ሥራው ደግሞ ገና አላለቀም። የደስታ የቅርብ ዘመድ የሆነውና ፍየልና በግ የሚፈጀው ፒ.ፒ.አር. የተባለው በሽታ በአፍሪካ ቀንድ ዛሬም አለ። እርሱንም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተይዟል። በሬ ለሌለው ድሃ ፍየል ማለት ባንኩ ናት፤ የልጁ ወተትም፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያውም እርስዋ ናት። በ1970ዎቹ «አበቃ» ተብሎ ገንዘቡ ሲቆም የደረሰው እንዳይደገም፣ የአፋሩ ዘዴም እንዳይረሳ፣ ያለፈውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ደስታን ከምድር ያጠፋው የቤተ ሙከራ ሊቅ ብቻውን አይደለም፤ ክትባቱን በትከሻው ተሸክሞ በበረሃ የሄደው እረኛም እንጂ።